ስለ ዴቪድሰን የባህር ውስጥ ተራራና ስለ ኦክቶፐሶቹ መንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጨለማ ባህር ወለል ላይ ብዙ ሺህ ኦክቶፐሶች (ስምንት ክንድ ያላቸው የባህር እንስሳት) እንቁላላቸውን ታቅፈው የተቀመጡበትን ቪዲዮ ያየ ሰው ሁሉ ያው ጥያቄ ይጠይቃል። የት ነው? እውነት ነው? ለምን እዚያ ተሰበሰቡ? መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስበናቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዴቪድሰን ምንድን ነው? የትስ ነው?

ተራራ ነው። ግን ባህር ውስጥ ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ከሞንተሬይ ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 129 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ በታች ይገኛል። ርቀቱን ለመገመት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለውን መንገድ አስቡት። በጀልባ ሄዳችሁ በትክክል ከተራራው አናት በላይ ብትቆሙ የምታዩት ውሃ ብቻ ነው። ምንም ምልክት የለውም።

ቁመቱ ስንት ነው?

ከግርጌ እስከ ጫፍ 2,280 ሜትር ነው። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህን ሁሉ አክሎም ጫፉ ከውሃው ወለል 1,250 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ አናቱ ላይ እንኳ የፀሐይ ብርሃን ደርሶ አያውቅም።

ኦክቶፐሶቹ ያሉት ደግሞ ከተራራው ግርጌ አጠገብ፣ 3,200 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ነው። እንጦጦ ከባህር ጠለል ወደ ላይ የሚርቀውን ያህል እነሱ ወደ ታች ይርቃሉ ማለት ነው። እዚያ ያለው የውሃ ግፊት እኛ ባህር ዳርቻ ቆመን ከሚሰማን የአየር ግፊት 320 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሰው ዋኝቶ የሚደርስበት አይደለም። የሚወርዱት ከላይ መርከብ ላይ ሆነው በገመድ የሚያንቀሳቅሷቸው ሮቦቶች ናቸው።

እሳተ ገሞራ ነው ይባላል። ይፈነዳል እንዴ?

እሳተ ገሞራ ነበር፤ አሁን ግን ሞቷል። ቅልጥ አለት ያወጣ የነበረው ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

አፈጣጠሩ ትንሽ ለየት ይላል። እሳተ ገሞራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ሾጣጣ ተራራና አናቱ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ ነው። ዴቪድሰን እንዲያ አይደለም። ጎን ለጎን የተደረደሩ ረጃጅም ሸንተረሮችና ብዙ ትናንሽ ጉብታዎች ናቸው ተጋግዘው የሠሩት። ምክንያቱም የቆመው አሮጌ የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። በአንድ ወቅት የውቅያኖሱ ወለል እዚያ ቦታ ላይ ለሁለት እየተከፈተ፣ ከታች የሚወጣው ቅልጥ አለት ክፍተቱን እየሞላ አዲስ ወለል ይሠራ ነበር። መከፈቱ ቆመ። ስንጥቁ ግን ደካማ ቦታ ሆኖ ቀረ፤ በኋላ የመጣው ቅልጥ አለት በዚያው በኩል ሾልኮ ወጣ። ሸንተረሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጋደሙት ለዚህ ነው።

ይህን ሥራ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ባህር መውረድ የለበትም። አፋር ይሂድ። የቀይ ባህርና የኤደን ባህረ ሰላጤ ስንጥቆች ከስምጥ ሸለቆ ጋር የሚገናኙት እዚያ ነው፤ ሌላው ዓለም ከውሃ በታች የሚደበቀውን እኛ ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል። በ2005 ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት በቀናት ውስጥ ሲሰነጠቅ የሆነው፣ ዴቪድሰን ያለበት ወለል በዘመኑ ሲሆን ከነበረው ጋር ዘመዳሞች ናቸው።

ስሙ ከየት መጣ?

ከጆርጅ ዴቪድሰን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ለመርከበኞች ሲለካና ካርታ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ተራራው ካርታ ላይ የሰፈረው በ1933፣ ስሙን ያገኘው በ1938 ነው። በእንግሊዝኛ «የባህር ተራራ» የሚለው መጠሪያ በይፋ የተሰጠው የመጀመሪያው ቦታም ይኸው ነው። ዛሬ ዓለም ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የባህር ውስጥ ተራሮች በዚያ ቃል ይጠራሉ።

መቼና ለምን ጥብቅ ክልል ሆነ?

አሜሪካ ብሔራዊ የባህር ጥብቅ ክልሎችን የምታቋቁምበትን ሕግ ያወጣችው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት በ1969 ሳንታ ባርባራ ጠረፍ ላይ ብዙ የነዳጅ ዘይት ባህር ውስጥ ፈስሶ ሕዝቡን በጣም አስቆጥቶ ነበር። የሞንተሬይ ቤይ ጥብቅ ክልል ደግሞ በ1992 ተቋቋመ። ዴቪድሰን ግን ያን ጊዜ ከወሰኑ ውጭ ነበር።

በ2002 እና በ2006 ተመራማሪዎች ሮቦት ይዘው ተራራውን ደህና አድርገው ዞሩት። ያገኙት ኮራል ነው፤ አለት ላይ ተተክሎ የሚኖር የባህር እንስሳ። ያውም ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሮዝ፣ ነጭና ቢጫ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣ ኮራል። ማንም ያልነካው። ብዙ የባህር ውስጥ ተራራ የሚገኘው መረብ ጎትቶት፣ ኮራሉ ተሰባብሮ ስለሆነ ይህ ብርቅ ነበር። በ2008 2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ዙሪያው ወደ ሞንተሬይ ቤይ ጥብቅ ክልል ተጨመረ።

ልብ በሉ፤ 2008 ነው። ስለ ኦክቶፐሶቹ ያኔ ማንም ሰው አያውቅም ነበር።

ታዲያ እዚያ ምን ይከለከላል?

ከ914 ሜትር በታች ዓሣ ማስገር፣ ማንኛውንም ሕይወት ያለው ነገር መንቀል፣ መውሰድና መጉዳት ክልክል ነው። የተራራው ጫፍ ራሱ ከዚያ ጥልቀት በታች ስለሆነ ተራራው በሙሉ ተጠብቋል ማለት ነው። ነዳጅና ማዕድን ማውጣትም አይፈቀድም። ለምርምር ናሙና መውሰድ የፈለገ ሳይንቲስት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ዓሣ አስጋሪዎቹ አልተቃወሙም? እንጀራቸው አይደል?

እዚህ ላይ ሕጉ ብልህ ነው። አስጋሪዎቹ እዚያ አካባቢ የሚፈልጉት እንደ ቱና ያለውን፣ ላይኛው ውሃ ላይ የሚሄደውን ዓሣ ነው። እሱን ማስገር አልተከለከለም። የተከለከለው ታች ያለው ነው፤ ታች ደግሞ ማንም ያሰግር አልነበረም። የማንንም ጉሮሮ ሳይዘጉ ተራራውን ዘጉት። ጥብቅ ክልል ማቋቋም ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም፤ ዴቪድሰን ዕድለኛ ነው።

ፀሐይ በሌለበት ኮራል እንዴት ይኖራል?

እንደ ቀይ ባህር ባሉ ሞቃትና ጥልቀት በሌላቸው ባሕሮች የምናውቀው ኮራል ሰውነቱ ውስጥ በፀሐይ ምግብ የሚሠሩ ደቃቅ አልጌዎችን ያኖራል። የጥልቁ ኮራል ይህ የለውም። የሚበላው ከላይ የሚዘንብለትን ነው። የሞቱ ደቃቅ ፍጥረታት፣ ዓይነ ምድር፣ የተበጣጠሰ ነገር ሁሉ ሌት ተቀን ቀስ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በሮቦቱ መብራት ሲታይ በረዶ የሚጥል ይመስላል። ሳይንቲስቶቹም «የባህር በረዶ» ነው የሚሉት።

ኮራሎቹ ተነስተው አይሄዱም። ስለዚህ ምግቡን የሚያመጣላቸው የውሃ ሞገድ በደንብ የሚነፍስበት ቦታ ላይ ይተከላሉ፤ ማለትም አናቱና ሸንተረሩ ላይ። አስተዳደጋቸው በጣም አዝጋሚ ነው። ዕድሜያቸው ከ100 ዓመት በላይ የሆነ፣ 200 የሚጠጋም ይገኛል። አንዱን በመረብ ለመስበር ግን ደቂቃ አይፈጅም።

ስፖንጆች፣ የባህር ኮከቦች፣ ሸርጣኖችም አሉ። ብዙዎቹ ኮራሉን እንደ ዛፍ እየወጡ ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ምግቡ እዚያ ይሻላላ!

የኦክቶፐሶቹ መንደር እንዴት ተገኘ?

በጥቅምት 2018 ናውቲለስ የተባለችው የምርምር መርከብ ሮቦቷን ወደ ተራራው ግርጌ አውርዳ ነበር። የመርከቧ ባለቤት የታይታኒክን ስባሪ በ1985 ያገኘው ሮበርት ባላርድ ያቋቋመው ድርጅት ነው። ሮቦቱ ከአንድ ቀን በላይ ታች ሲዞር ቆየ። አንድ ትንሽ ኮረብታ ጥግ ላይ ሲደርስ አንድ ኦክቶፐስ ታየች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ አሥር። ከዚያ ቆጠራው ከ1,000 አለፈ። ይህ ሁሉ በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ ስለነበር ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ሁሉ ከተመራማሪዎቹ ጋር እኩል ደነገጠ።

ከዚያ በኋላ የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም የምርምር ተቋም ለሦስት ዓመት እየተመላለሰ አጠናው። ወደ 6,000 ገደማ ጎጆ ቆጠሩ። የመንደሩ ጠቅላላ ቁጥር 20,000 ሳይደርስ አይቀርም ይላሉ። ጥናቱ በነሐሴ 2023 ታትሟል። እስካሁን ከታወቁት የጥልቅ ባህር ኦክቶፐስ መሰብሰቢያዎች ሁሉ ትልቁ ነው።

ምን ዓይነት ኦክቶፐስ ናቸው?

በእንግሊዝኛ የእንቁ ኦክቶፐስ ይሏቸዋል። መጠናቸው ከትልቅ ብርቱካን ትንሽ ይበልጣል። እናቲቱ እንቁላሏን አለት ላይ ታጣብቅና ራሷን ገልብጣ፣ ክንዶቿን ወደ ኋላ ጠቅልላ ከላይ ትሸፍነዋለች። ነጣ ያሉ ሐምራዊ ኳሶች አለት ላይ በተርታ የተደረደሩ ይመስላል። ስሙ የወጣውም ከዚህ ነው።

ለምን ግን ሁሉም እዚያ ቦታ ላይ? ሌላ አለት ጠፍቶ ነው?

ሳይንቲስቶቹም የጠየቁት ይህንኑ ነው። ፍንጩ ቪዲዮው ውስጥ ነበር። ከአንዳንዱ ጎጆ የሚወጣው ውሃ ይንቀጠቀጣል፤ በቀትር አስፋልት ላይ እንደሚውለበለበው አየር። ይህ የሚሆነው ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ሲደባለቅ ነው።

ሲለኩት አካባቢው በሙሉ 1.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ፍሪጅ ውስጥ እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም። ጎጆዎቹ ውስጥ ግን 5 ዲግሪ ገደማ፣ አንዳንዱ ጋ እስከ 11 ዲግሪ ይደርሳል። ለእኛ ይህም ብርድ ነው። ለእንቁላሉ ግን ትልቅ ልዩነት አለው።

ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ነው የምትታቀፈው። ኦክቶፐስ ቀዝቃዛ ደም ያለው እንስሳ ስለሆነ ጽንሱ የሚያድገው በውሃው ሙቀት ልክ ነው፤ በቀዘቀዘ ቁጥር ይዘገያል። በሞንተሬይ የባህር ሸለቆ፣ 1,400 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ የሌላ ዝርያ የሆነች አንዲት ኦክቶፐስ እንቁላሏን 53 ወር ታቅፋ ታይታለች። አራት ዓመት ተኩል ሊሞላ ነው! ከታወቁት እንስሳት ሁሉ እንዲህ የቆየ የለም። ዴቪድሰን ከዚያም የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ በ1.6 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ይፈጅ ነበር ተብሎ ይገመታል። በመንደሩ ግን እንቁላሉ በአማካይ በ1.8 ዓመት ይፈለፈላል።

ጥቅሙ መፍጠን ብቻ አይደለም። እንቁላል ብዙ በቆየ ቁጥር የሚበላው፣ የሚታመመው፣ እናቱ ቀድማ የምትሞትበት ይበዛል። ቶሎ የተፈለፈለ ብዙ ልጅ ይተርፋል።

ይህን እንዴት አወቁ? በሦስቱ ዓመት ውስጥ እየተመለሱ እነዚያኑ እናቶች ፈለጉ። የሚለዩዋቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳና በተቀመጡበት ቦታ ነው። በ2022ም ካሜራ እዚያው ተክለው ለወራት ፎቶ አስነሱ።

እሳተ ገሞራው ከሞተ ውሃው በምን ይሞቃል?

በምድጃው ሳይሆን በቤቱ ሙቀት በሉት። ቅልጥ አለት ባይኖርም ምድር ከውስጧ ሙቀት ትለቃለች። ቀዝቃዛው የባህር ውሃ ራቁቱን በወጣ አለት ስንጥቅ በኩል ወደ ወለሉ ውስጥ ይሰርጋል። ዙሪያው ባለው ወለል ላይ ወፍራም ደለል እንደ ጋቢ ተኝቶበታል፤ ሙቀቱ በቀላሉ አያመልጥም። ውሃው በዚያ ስር ሲዘዋወር ለብ ይልና ደለል ባልሸፈነው ሌላ አለት በኩል ይወጣል። ኦክቶፐሶቹ የተገኙባት ኮረብታ እንዲህ ዓይነት መውጫ ናት።

ከዚህ ቀደም ብዙ የተወራለት 300 ዲግሪ የሚያልፍ ጥቁር ጭስ የሚተፋው የባህር ውስጥ ፍል ውሃ ነው። ያ ከሩቅ ይታያል። ዴቪድሰን ላይ የሚወጣው ለብታ ግን በዓይን ለመለየት እንኳ ያስቸግራል። ኦክቶፐሶቹ ባይሰበሰቡበት ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው።

እናቲቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምን ትበላለች?

ምንም። ገንፎ ይዞላት የሚመጣ የለም። እንቁላሉን ትጠብቃለች፣ ውሃ ታራግብለታለች፣ የሚጠጉትን ሸርጣኖችና ሽሪምፖች በክንዷ ታባርራለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ትሞታለች።

ሥጋዋም አይባክንም። በመንደሩ ዙሪያ ቀንድ አውጣዎች፣ ሽሪምፖችና አበባ የሚመስሉ ሥጋ በሎች ከሌላው ቦታ በብዙ እጥፍ ተከማችተዋል። ምግብ በሚከብድበት ጥልቀት ላይ ይህ ቦታ ሁልጊዜ ድግስ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መንደሩ ውስጥ የሚታዩት ትልልቆቹና ገና የተፈለፈሉት ብቻ ናቸው። መካከለኛ ዕድሜ ያለው የለም። ስለዚህ «መንደር» ብንለውም ሰው የሚኖርበት ሰፈር ዓይነት አይደለም፤ ማዋለጃ ክፍል ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ የትም የለም?

አለ። በኮስታሪካ ጠረፍ ዶራዶ በተባለ አለት ላይ ከዴቪድሰን በፊት ኦክቶፐሶች ታይተው ነበር። ያኔ ለተመራማሪዎቹ እንቁላሎቹ የሚያድጉ ስላልመሰላቸው ቦታው የማይመች ነው ተብሎ ተደመደመ። በ2023 ሲመለሱ ግን ልጆች ሲፈለፈሉ አገኟቸው።

ስለ ዓሣ ነባሪው አጽም የሚወራው እውነት ነው?

እውነት ነው። በጥቅምት 2019 ያቺው ናውቲለስ ተመልሳ ስትሄድ፣ ከ3,200 ሜትር በታች፣ በጀርባው የተንጋለለ የዓሣ ነባሪ አጽም አገኘች። ርዝመቱ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይሆናል። ኦክቶፐሶች፣ ሸርጣኖችና ዓሦች ወርረውት ነበር።

አጥንቱ ላይ ቀይ ላባ የሚመስል ነገር በቅሎበታል። ትል ነው። ይህ ዓይነት ትል መጀመሪያ የተገኘው በ2002 እዚያው ሞንተሬይ ባህር ውስጥ ነው። አፍም ሆድም የለውም። ሥር የመሰለ አካሉን አጥንቱ ውስጥ ይሰዳል፣ በአሲድ ያሟሟዋል፣ ሥሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የተረፈውን ሥራ ይሠሩለታል። የሚታዩት ሁሉ ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ በዓይን የማይታዩ ደቃቆች ሆነው ሴቷ ውስጥ በብዛት ተጠግተው ይኖራሉ። ጉድ ነው።

ከተራራው በላይ ባለው ውሃስ ምን ይታያል?

ከተራራው በላይ ስፐርም ዌል የሚባሉት ትልልቅ ዓሣ ነባሪዎችና አልባትሮስ የተባሉ ረጅም ክንፍ ያላቸው ወፎች ይታያሉ።

ከለላው ሁሉንም ነገር ያስቀራል?

አያስቀርም። ካርታ ላይ የተሰመረ መስመር ከላይ የሚወድቀውን አያግድም። በየካቲት 2004 አንድ የጭነት መርከብ በማዕበል ኮንቴነሮች ጣለ፤ 15ቱ የወደቁት ሞንተሬይ ቤይ ጥብቅ ክልል ውስጥ ነው። ከወራት በኋላ ሮቦት አንዱን 1,280 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አገኘው። ጎማ ነበር የያዘው፣ ከ1,000 በላይ የመኪና ጎማ። አሁን የባህር ፍጥረታት ተለጥፈውበት እዚያው ተቀምጧል።

የውቅያኖሱ መሞቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በአንድና ሁለት ዲግሪ ልዩነት ዕድሜውን የሚያሰላ እንስሳ ላይ ለውጡ ቀላል አይሆንም።

ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው። ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ተራራውን አትችሉም። ግን ሳን ሆዜ ወይም ኦክላንድ አካባቢ ያላችሁ ሞንተሬይ ሩቅ አይደለችም፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከሳን ሆዜ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም በ2022 ስለ ጥልቅ ባህር ፍጥረታት ትልቅ ክፍል ከፍቷል። ትኬት አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ቁረጡ፤ ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛል። ጃኬትም ያዙ። ሞንተሬይ በሐምሌም ጭጋግ አያጣትም።

ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ ናውቲለስ ሮቦት ስታወርድ አሁንም በቀጥታ ታስተላልፋለች። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ጭቃ ነው። በትዕግሥት ጠብቁ። በ2018 ሲያዩ የነበሩትም ሰዓታት ሙሉ ጭቃ ነበር ያዩት።